በወግ አጥባቂዎች መካከል የለዘብተኞች ድርሻ፦ የጌዴኦ ጭሰኛ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በጌዴኦ ምድር ቡና ያለ ጥላ አይለማም። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ የሚጓዝ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚመለከተው ይህንኑ ነው። ከላይ ረጃጅም የጥላ ዛፎች፣ ከእነርሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ተጎራብቶ ቡና ይታያል። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስለ ውበቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ ለብዙ ትውልድ ያካበተውን የአያያዝ ጥበብ ስለሚያሳይ ነው። ገበሬው የጥላውን ዛፍ ከሥሩ ገንድሶ አይጥለውም፤ ቢጥለው ቡናው በፀሐይ ይጎዳል። እንዲሁ ዝም ብሎም አይተወውም፤ ቢተወው ቡናው ብርሃን ያጣና ፍሬ ይነሳል። በየጊዜው ይመለምለዋል።

ኅብረተሰብ ዛፍ ባለመሆኑ ምሳሌውን ከልክ በላይ ልንስበው አንሻም። ሆኖም በፖለቲካ ትግል ውስጥ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ ከዚህ ጋር ይዛመዳል። ነባሩን ሥርዓት ለማቆየት በተሰባሰበ ወግ አጥባቂ ኃይል ውስጥ ሆነው ሥርዓቱ እንዲሻሻል የሚጥሩ ለዘብተኞች ምን ፋይዳ አላቸው? ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አክራሪ ወግ አጥባቂው «ለዘብተኛ ማለት ከውስጥ በር የሚከፍት ከሃዲ ነው» ይላል። አክራሪው አብዮተኛ ደግሞ «ለዘብተኛ ማለት የጨቋኙን ፊት የሚሸፍን ጭምብል ነው» ይላል። ሁለቱ በሁሉም ነገር የማይስማሙ ጠላቶች ሆነው ሳለ በዚህ በአንዱ ነገር መስማማታቸው ራሱ ጉዳዩን ጠጋ ብለን እንድንመረምር ያስገድደናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው። ለምርመራችን የምንመርጠው መስክ በሩቅ አገር ያለ ሳይሆን፣ በቀድሞው አጠራር የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የደራሳ አውራጃ ይባል የነበረው የዛሬው የጌዴኦ ዞን ነው።

ማኅተም ያልነበረው ፓርቲ

እንደሚታወቀው በዘውዳዊው ሥርዓት ዘመን በኢትዮጵያ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ቢፈቅድም፣ መራጩ የሚሰባሰብበት፣ ተመራጩም የሚጠየቅበት ድርጅት እንዲኖር ግን አልተደረገም። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው እንዲሆን ይጠየቅ ነበር። ንብረት ማለት በዚያን ጊዜ በአብዛኛው መሬት ማለት በመሆኑ፣ ጭሰኛው ለመመረጥ የሚያበቃውን መመዘኛ ከመነሻው አያሟላም ነበር።

ስለዚህ ፓርቲ አልነበረም ማለት ወግ አጥባቂ ፓርቲ አልነበረም ማለት አይደለም። ማኅተምና መዝገብ ያልነበረው፣ ነገር ግን ሁለቱን ምክር ቤቶች፣ የጠቅላይ ግዛቱን አስተዳደርና ፍርድ ቤቱን በእጁ የያዘ የመሬት ከበርቴዎች ወገን ነበር። ይህ ወገን የጋራ ጥቅም ነበረው፤ የጋራ ቋንቋ ነበረው፤ ጥቅሙ ሲነካ በአንድነት ይነሣ ነበር። አንድ ኃይል ፓርቲ የሚሆነው በስሙ ሳይሆን በሥራው ከሆነ፣ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ አንድ ትልቅ ወግ አጥባቂ ፓርቲ እንደነበረ መቀበል ግድ ነው። በውስጡም ለዘብተኞች ነበሩ። ነገራችን የሚያተኩረው በእነዚህ ላይ ነው።

1952 ዓ.ም.፦ በአንድ ዓመት ሁለት ነገሮች

የጌዴኦ ምድር በ1880ዎቹ መጨረሻ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ ገበሬው ገባር፣ ቀጥሎም ጭሰኛ ሆነ። አባቶቹ ያቀኑት መሬት በቀላድ ተለክቶ በጋሻ ተቆጥሮ ለባለሥልጣን፣ ለመኮንንና ለወታደር ተደለደለ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ እያለ ሲሄድ፣ የጌዴኦ መሬት ከቀድሞው ይበልጥ የሚፈለግ ሆነ። ገበሬው የተከለው ቡና ዋጋ ባወጣ ቁጥር የባለርስቱ ዓይን ይበልጥ ይከፈት ጀመር። በዚህ መሠረት የሀብቱ መጨመር ለአምራቹ በረከት በመሆን ፈንታ የክርክር ምንጭ ሆነበት። ሲሶ፣ እርቦ፣ አሥራት፣ በዚያም ላይ ልዩ ልዩ አገልግሎት ተደራርቦ ትከሻውን አጎበጠው።

በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬ ተነሣ። በዲላ አካባቢ ሚችሌ በተባለው ቦታ ባህላዊ መሣሪያ የያዘ ገበሬ ከጠመንጃ ጋር ተጋፈጠ። የመንግሥቱ ኃይል ከባለርስቱ ጎን ቆመ። የዚህ ዓይነቱ ግጥሚያ ውጤት አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ገበሬው ደሙን አፈሰሰ፤ ክርክሩም ባለበት ቀረ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። ይህ ሕግ በዘመናዊነቱ የሚመሰገን ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ስለ እርሻ መሬት ኪራይ በሚደነግግበት ክፍል ኪራዩ በምርት የሚከፈል ሲሆን ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ይወስናል። በሌላ አነጋገር፣ ከአራት ቁና ቡና ሦስቱን መውሰድ በሕግ የተፈቀደ ሆነ ማለት ነው። በሚችሌ ደም ከፈሰሰበት ዓመት በአዲስ አበባ የወጣው ሕግ ስለዚያ ደም ምንም የሰማ አይመስልም።

ይህ ለምን ሆነ? ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም። በጭሰኛው ጎጆና በሕግ አውጪው አዳራሽ መካከል ቃል የሚያመላልስ ሰው ስላልነበረ ነው። የለዘብተኛ የመጀመሪያ ፋይዳ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ የገዢ ወገን በውስጡ «ወገኖቼ፣ ውጭ ያለው ነገር እንደምታስቡት አይደለም» የሚለው ሰው ሲያጣ፣ ጠላቱን ብቻ ሳይሆን የራሱን ሁኔታ ማወቅ ይሳነዋል። ተቃዋሚው ይህን ቢነግረው አያምነውም፤ የገዛ ወገኑ ሲነግረው ግን ቢቆጣም ይሰማል።

ከውስጥ የተሞከረው

ለዘብተኛ ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን ታሪክን መሳት ይሆናል። ከመሳፍንቱ ወገን ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ርስታቸውን ለጭሰኞቻቸው በመስጠት በዘመናቸው ብርቅ የሆነ ምሳሌ አሳይተዋል። ይህ ታላቅ የኅሊና ሥራ ነው። ነገር ግን የአንድ ሰው ቸርነት ሕግ አይሆንም፤ የእርሳቸውን አርአያ የተከተለ የመሬት ከበርቴም እምብዛም አልታየም።

ከጌዴኦ ጋር በአንድ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው በወላይታ አውራጃ ደግሞ በአሜሪካ የተማረው ግርማሜ ንዋይ በገዢነት ተሹሞ ነበር። ግርማሜ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች መሬት መስጠት ሲጀምር ባለርስቶቹ ከሰሱት፤ ተነሥቶም ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ሥርዓቱን ከውስጥ ለማሻሻል የሞከረው ይህ ሰው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ከነበሩት ወንድሙ ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር ሆኖ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መራ። የወላይታው ሙከራ ተፈቅዶለት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ መተንበይ የታሪክ ሥራ አይደለም። የማያከራክረው ነገር ግን አለ። ወግ አጥባቂው ወገን መሬት የሚያድል አውራጃ ገዢ አልፈልግም ብሎ ሲያባርር፣ መሣሪያ ያነሣ ጠላት አተረፈ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ እያለ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ገባ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። በዚህ መሥሪያ ቤት የተሰባሰቡት የተማሩ ባለሙያዎች የየጠቅላይ ግዛቱን የመሬት ይዞታ አጠኑ፤ የባለርስትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን ረቂቅ ሕግም አዘጋጁ። ረቂቁ የመሬት ሥሪቱን ከሥሩ የሚገለብጥ አልነበረም። ኪራዩን ለመገደብ፣ ውሉን ለማጽናትና ጭሰኛው ያለ በቂ ምክንያት ከመሬቱ እንዳይነቀል ለማድረግ የታሰበ ነበር። ይህ የለዘብተኞች ሰነድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለምክር ቤት ቀረበ፤ ሳይጸድቅም ቀረ። በዚህ መሐል በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ርዳታ የተጀመረው የእርሻ ልማት የመሬቱን ዋጋ ከፍ ስላደረገው፣ ባለርስቱ ትራክተር እያስገባ ጭሰኛውን ማስለቀቅ ያዘ። ሕጉ በዘገየ ቁጥር የሚጠብቃቸው ሰዎች መሬቱን እየለቀቁ ሄዱ።

ለምን አልተሳካላቸውም?

ለዘብተኞቹ ያልተሳካላቸው ሐሳብ ስላጡ አልነበረም። ያጡት መሠረት ነው። ሥልጣናቸው ከሹመት የመጣ በመሆኑ በሹመት ይሄዳል። የመረጣቸው ሕዝብ፣ የሚከተላቸው አባል፣ የሚያሰሙበት የራሳቸው ልሳን አልነበራቸውም። በምክር ቤት ድምፅ ሲሸነፉ ወደ ጌዴኦ ወርደው «እነሆ ሕጋችሁን እገሌ ከለከለ» ለማለት አይችሉም፤ ይህን ማለት እንደ አድማ ይቆጠራልና። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱን ከማሳመን በቀር ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ለዘብተኛውንና አክራሪውን ሚዛን እያስጠበቁ መግዛትን የለመዱ ነበሩ።

ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በጎጃም አመፅ ተነሣ፤ መንግሥቱም አፈገፈገ። ከዚህ በኋላ የመሬትን ጉዳይ መንካት አደገኛ ነው የሚለው አስተያየት በገዢው ወገን ዘንድ ጠነከረ። አለመንካቱ ይበልጥ አደገኛ መሆኑን የሚያስረዳ ግን አልተገኘም፤ ቢገኝም አልተሰማም።

የካቲት 1966 ዓ.ም. ሲደርስ በር የሚከፍት ሰው በጥድፊያ ይፈለግ ጀመር። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻልና የመሬቱን ጥያቄ ለመፍታት ቃል ገቡ። በሐምሌ ወር የራስ እምሩ ልጅ ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ። የሕገ መንግሥቱ ረቂቅም ተዘጋጀ። ከዐሥር ዓመት በፊት ቀርቦ ቢሆን ኖሮ እንደ ታላቅ ርምጃ ይቆጠር የነበረው ሐሳብ፣ በዚያ ክረምት የማንንም ጆሮ አልሳበም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት የቀድሞ ባለሥልጣናት መካከል ልጅ እንዳልካቸው ይገኙበታል። ጥይቱ ማን አክራሪ፣ ማን ለዘብተኛ እንደነበረ አልለየም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። ጭሰኝነት ቀረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ለመሬቱም ካሣ አልተከፈለም። የኪራይ ጣሪያ አንቀበልም ያለው የመሬት ከበርቴ በአንድ ቀን አዋጅ መሬቱን በሙሉ አጣ።

የሌሎች አገሮች ምስክርነት

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። በሩሲያ ዳግማዊ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1856 ለሞስኮ መኳንንት ባሰማው ንግግር፣ የገባርነት ሥርዓት ከታች ራሱን እስኪያፈርስ ከመጠበቅ ከላይ ማፍረሱ ይሻላል የሚል አሳብ ገልጿል። በ1861 ከ20 ሚሊዮን በላይ ገባሮች ነፃ ወጡ። ይሁን እንጂ መኳንንቱን ላለማስከፋት ሲባል ገበሬው የመሬቱን ዋጋ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት እንዲከፍል ስለተፈረደበት ጥያቄው ግማሽ መልስ ብቻ አገኘ። የቀረው ግማሽ በ1917 ተመልሶ መጣ።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1846 የወግ አጥባቂው ፓርቲ መሪ ሮበርት ፒል፣ የመሬት ከበርቴዎቹን ጥቅም ይጠብቅ የነበረውን የእህል ቀረጥ ሕግ አሰረዘ። ከገዛ ፓርቲው እንደራሴዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቃወሙት። ፒል ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ፓርቲውም ተከፈለ፤ እስከ 1874 ድረስም በምክር ቤት አብላጫ ድምፅ አላገኘም። ለዘብተኝነት ዋጋ እንደሚያስከፍል ይህ ያሳያል። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የአውሮፓ ዙፋኖች በአብዮት ሲናወጡ የብሪታንያ ዙፋን ጸንቶ ቆመ፤ ያ ፓርቲም ከብዙ ለውጥ ጋር እስከ ዛሬ አለ።

በተቃራኒው በጀርመን የብሔራዊ ሕዝብ ፓርቲ የተባለው ወግ አጥባቂ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1928 በአክራሪው በአልፍሬድ ሁገንበርግ እጅ ገባ። በ1929 እና በ1930 ለዘብተኞቹ እየተገፉ ወጡ። በጥር 1933 ሁገንበርግ በሂትለር ካቢኔ ውስጥ ሚኒስትር ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ግን ከሥልጣኑ ወረደ፤ ፓርቲውም ፈረሰ። ለዘብተኞቹን እንደ ከሃዲ ያባረረ ድርጅት የገዛ አገሩን ለባሰ ኃይል አስረክቦ ራሱም ጠፋ።

ስለ ተቃውሞው

እዚህ ላይ በርግጥ ሊነሣ የሚገባ ተቃውሞ አለ። «የጌዴኦ ጭሰኛ በ1967ቱ አዋጅ ያገኘው ማንኛውም ለዘብተኛ ሊሰጠው ከሚችለው ሁሉ የበለጠ ነበር። ለዘብተኞቹ ተሳክቶላቸው ቢሆን ኖሮ ጭሰኝነት ተጠግኖ ይቀጥል ነበር» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ኪራይ መቀነስና ኪራይ መቅረት አንድ አይደሉም። በ1967 ዓ.ም. በዲላ ጎዳናዎች ደስታውን የገለጸው ሕዝብ የሚደሰትበትን ያውቅ ነበር።

ሆኖም ሁለት ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው ከ1952 እስከ 1967 ዓ.ም. ያሉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ናቸው። ለመጽሐፍ ጸሐፊ ይህ አጭር ምዕራፍ ነው። ለጭሰኛው ግን ዐሥራ አምስት የቡና ለቀማ፣ ዐሥራ አምስት ጊዜ የተሰፈረ እርቦና ሲሶ ነው። በነዚህ ዓመታት ያረጀና የሞተ፣ ከመሬቱ የተነቀለ ገበሬ አዋጁን አላየም። ትንሹ ማሻሻያ በጊዜው ቢመጣ ኖሮ ለእርሱ ትንሽ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር የተሰጠው እንዴት እንደተሰጠ ነው። መሬቱ የመጣው በአዋጅ እንጂ በክርክርና በድምፅ አልነበረም። ገበሬው ከባለርስት ነፃ ቢወጣም፣ ያወጀለትን መንግሥት የሚጠይቅበት መድረክ አላገኘም። ስለዚህ በኋለኞቹ ዓመታት የቡናው ዋጋ በመንግሥት ሲወሰንና የማኅበር እርሻ ግፊት ሲመጣ፣ በአብዮተኛው ወገን ውስጥም «ይህ ከልክ አልፏል» የሚል ለዘብተኛ ተፈልጎ ታጣ። ለዘብተኛ የሚያስፈልገው ለወግ አጥባቂው ብቻ ነው ማለት እንግዲህ ስሕተት ነው። ማንኛውም ኃይል የገዛ ራሱን ስሕተት ከውስጥ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። በወግ አጥባቂው ዘንድ ጉዳዩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ሥልጣኑም ሀብቱም በእጁ ስላለና ሳይገደድ መልቀቅ ስለሚከብደው ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ የሚከተለው ነው። ለዘብተኛ ዋጋ የሚኖረው ጨዋ በመሆኑ ወይም በመሐል በመቆሙ አይደለም። በመሐል መቆም ብቻውን ቦታ እንጂ ሥራ አይደለም። ዋጋው ከሦስት ነገሮች ይመነጫል፤ የውጭውን እውነት ለወገኑ ያደርሳል፤ የሚለቀቀውን ነገር ሳይመሽ ያስለቅቃል፤ ለተቃዋሚውም ሊነጋገረው የሚችል ሰው እንዳለ ያሳያል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሹመት ብቻ አይበቃውም። የመረጠው ሕዝብ፣ የሚቆምበት ድርጅት፣ ሲሸነፍም ተመልሶ የሚናገርበት መብት ሊኖረው ይገባል። የዘውዱ ዘመን ለዘብተኞች የመጀመሪያውን አሳብ ነበራቸው፤ ሁለተኛውን መሠረት ግን አልነበራቸውም። ሥርዓቱ ይህን ነፍጓቸው በመጨረሻ ከእነርሱ ጋር ወደቀ።

ጌዴኦዎች ከየትኛውም ምክር ቤት በፊት ሶንጎ አላቸው። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚመረምሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ጉባኤ ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ሲፈናቀል፣ ከየወገኑ «ወንድሞቻችንን አትንኩ» የሚል ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አገር አይቷል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ለገዛ ወገን እንዲህ ብሎ መናገር ጠላትን ከመስደብ የሚበልጥ ድፍረት ይጠይቃል።

ዛሬ ዲላ ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት። የጭሰኛው የልጅ ልጆች በከተማይቱ በመምህርነት፣ በነጋዴነትና በሹመት ይታያሉ። ፓርቲ ያላቸውም የሌላቸውም፣ ወግ አጥባቂ የሚባሉትም ተራማጅ የሚባሉትም፣ ከስብሰባ አዳራሻቸው የሚቃወማቸውን የገዛ ጓዳቸውን ከማስወጣታቸው በፊት የሚችሌን ዓመት ቢያስታውሱ ይጠቀማሉ። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባው አዳራሽ አንድ ሰው ተነሥቶ ስለ ጌዴኦ ገበሬ ተናግሮና ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከገበሬው ይልቅ ይጠቀሙ የነበሩት በአዳራሹ የተቀመጡት ራሳቸው ነበሩ።